«የማን ልጅ ነህ?» ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ አያቶች በአዲስ አበባ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተነስቶ አዲስ አበባ መሄድ ድሮ ምክንያት ይጠይቅ ነበር። አንዱ ምክንያት ክስ ነው። በርስት የተጣላ ሰው ደብረ ታቦር አልፈርድ ካለው ጎንደር፣ ጎንደር ካልቀናው ጃንሆይ ዘንድ ድረስ ሄዶ «አቤት» ይላል። ሁለተኛው ሕመም ነው። ሦስተኛው ወጥቶ የቀረ ልጅን ፍለጋ ነው። «ከተማ ልይ» ብሎ ስንቅ ያስቋጠረ ሰው ቢገኝ ግን ጎረቤቱ «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። በሬውን ማን ያበላል? አዝመራውን ማን ይጠብቃል? ደግሞስ ለማየት ከሆነ ጉና አለ አይደል?

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ፣ የበልግ እርሻ እስኪደርስ ባለችው ፋታ አዲስ አበባ የሚኖሩ የእነዚህ ወረዳዎች ልጆች ቤት እንግዳ ይበዛል። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ፣ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ታክሲ ሲጠብቁ ይታያሉ። ምን ሊሠሩ እንደመጡ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ሳያፍሩ «ለማየት ነዋ!» ይላሉ።

ባለፈው የካቲት ከእንዲህ ዓይነቶቹ ባልና ሚስት ጋር ከተማዋን ዞርኩ። የስማዳ ሰዎች ናቸው፤ ቀያቸው ከወገዳ ወዲያ ነው። ባልየው ሰማንያን ሊደፍኑ የተቃረቡ፣ ሚስታቸው ከእሳቸው ጥቂት የሚያንሱ። ልጃቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። አስጎብኚዋ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ለ«አባባ» እና ለ«እማማ» የየቀኑን ፕሮግራም በስልኳ ላይ ጽፋ አዘጋጅታለች። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ዘጠኝ ቦታ ነበረው።

እማማ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ መጥተው ነበር፣ የዓይን ሞራ ለመገፈፍ። «ስገባ አላይም፤ ስወጣ በጨርቅ አሰሩኝ። አዲስ አበባን ሸተትኳት እንጂ አላየኋትም» ይላሉ። አባባ ግን ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። አባታቸው በመሬት ክርክር በእግር መጥተው ወራት ቆይተው ተመልሰዋል። ስለ ከተማዋ ያመጡት ወሬ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ይበዛል፣ ውሃ በገንዘብ ይሸጣል።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ የጉና ራስ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከነፋስ መውጫ ወደ ደቡብ ሲኬድ አርብ ገበያ፣ ከዚያ ወገዳ እያለ ምድሩ እየተሰነጣጠቀ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ የተጀመረው ሥራ በደርግ ዘመን ተጠናቀቀ። የአገሬው ሰው እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ያ መንገድ ባይኖር ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባን ከሞሏት የጋይንት ልጆች ስንቱ ይመጣ እንደነበር እንጃ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን፣ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። ቤተሰብ ከመሳፈሩ በፊት የሚጠይቀው የትኬት ዋጋ ሳይሆን «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለውን ነው። አቅም ያለው ልጅ እናት አባቱን ባሕር ዳር ድረስ አስመጥቶ አውሮፕላን ላይ ይጭናል። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝበትን መንገድ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። እኒህም ባልና ሚስት የመጡት እንደዚሁ ነው።

አባባ ስለ አውሮፕላን ከአባታቸው የሰሙት ወሬ ነበራቸው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከአልጋ ወራሹ ከንጉሥ ተፈሪ ሠራዊት ጋር ለመግጠም ወደ ምሥራቅ ሲወጡ ሰማዩ ላይ አውሮፕላን መጣባቸው። መጀመሪያ የበተነው ወረቀት ነው፤ ራስ ጉግሣን የሚያወግዝ አዋጅ። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። መጋቢት 22 ቀን በበጌምድርና በወሎ ወሰን፣ አንቺም ላይ፣ ራስ ጉግሣ ሞቱ። ለዚያ አገር ገበሬ አውሮፕላን የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው በዚህ መልክ ነው። መንገደኛ ያመላልሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«አባቴ ‹ወረቀት ጣለ፣ ኋላ እሳት ጣለ› ብሎ ነው የነገረኝ። ለኔ ግን ውሃና ብስኩት ሰጡኝ» አሉ አባባ ሲስቁ። እማማ ከጎን ሆነው «አንቱ ምን አዩ? ዓይንዎን ጨፍነው አይደል የመጡት! ዓባይን ያየሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። አባባ አልካዱም።

ሁለት ቀን አብሬያቸው ከዋልኩ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። አስጎብኚዋ ለአያቶቿ አዲስ ነገር ልታሳያቸው ነው የለፋችው፤ እነሱ ግን ልባቸው የሚከፈተው የሚያውቁትን ነገር ሲያገኙ ነው። አዲሱን በትሕትና አይተው ያልፉታል። ታሪኩን ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነገር ፊት ሲደርሱ ግን ማንም ከዚያ አያነቃንቃቸውም።

ለምሳሌ የንግድ ባንክን ሕንጻ እንውሰድ። 209 ሜትር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገሪቱ ከነበሩት ሁሉ ረጅሙ ነው። ልጅቷ ፎቁን ቁጠሩ እያለች አንገታቸውን ቀና አስደርጋ አቆመቻቸው። አባባ ለአፍታ አዩና «ውሃው እንዴት ነው እዚያ ድረስ የሚወጣው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከመካከላችን ግን መልሱን በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለ ፓምፕ ትንሽ ዘባረቅንና አለፍን። የገበያ ማዕከሉ ተንቀሳቃሽ ደረጃም እንደዚሁ ነው። ገጠሬ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ሲደናገጥ መጻፍ ለእኛ ለከተማ ጸሐፊዎች የተለመደ መሳቂያ ነው፤ እኔም ሳልጠብቀው አልቀረሁም። እማማ አንድ ጊዜ አዩት፣ «እግር እኮ አለኝ» አሉና በተራው ደረጃ ወጡ።

በአንጻሩ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ሴባስቶፖል ፊት የሆነውን ላውጋችሁ። በፕሮግራሙ ላይ ለዚህ ቦታ የተሰጠው ጊዜ «ፎቶ፣ አምስት ደቂቃ» ይላል። አባባ ከመድፉ ፊት ሲደርሱ ቆባቸውን አወለቁ።

ሴባስቶፖል የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል መንደር ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስጨንቀው ያሠሩት መድፍ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጋይንት ምድር አልፎ፣ ጨጨሆንና ዘቢጥን ተሻግሮ፣ ገደል እየተቆረጠለት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶበታል። ንጉሡ ራሳቸው መንገድ ሲቆፍሩ ይውሉ ነበር። መቅደላ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ እንግሊዞች መጡ፤ ቴዎድሮስም ሞቱ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው ምስሉ ነው።

አባባ ይህን ከእኔ አልሰሙም። የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ ይሄ የቴዎድሮስ መድፍ ነው» ስትላቸው «ይሄስ አምሳያው ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው» ብለው አረሟት። ከዚያ ሒሳብ ጀመሩ። አንድ አህያ አንድ ኩንታል ይጭናል ቢባል ሰባ አህያ ነው፤ ግን አህያ ተካፍሎ አይጭነውም፤ አንድ ላይ ያለ ብረት ነው። ያንን ቁልቁለት እሳቸው ያውቁታል፤ በሬ ነድተውበታል። ሽቅብ መጎተቱ አይደለም አስቸጋሪው፣ አሉ፤ ቁልቁል ሲሄድ ወደ ኋላ መያዙ ነው። «ወደ ኋላ የሚይዘው ሰው ከፊት ከሚጎትተው ይበልጥ ነበር» አሉ፣ እንደ ነበረ ሰው። አንድ ጎረምሳ የሥራ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች። አምስት ደቂቃ የተባለው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ልጅቷም በመጨረሻ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ በዓታ ለማርያም ሄድን። የዳግማዊ ምኒልክ፣ የእቴጌ ጣይቱና የንግሥት ዘውዲቱ መቃብር ያለው እዚያ ነው። እማማ ቤተ ክርስቲያን ከገቡ መውጫቸው አይታወቅም፤ ተሳልመው፣ ሰግደው፣ ጠበል ጠይቀው ነው የሚነሱት። አባባ ግን የዘውዲቱ መቃብር አጠገብ ቀሩ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «የራስ ጉግሣ ሚስት አይደለች?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስ ጉግሣ የጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ልጅ ናቸው፤ ዘውዲቱን አግብተው ይኖሩ ነበር። ዘውዲቱ አልጋው ላይ ሲወጡ መኳንንቱ ባልና ሚስቱን ለያዩአቸው፤ ባልየው በጌምድር ሆነው ገዙ። አንቺም ላይ በሞቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ንግሥቲቱም አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ታመው ነበርና በሕመማቸው ነው የሚሉ አሉ፤ በሐዘን ነው የሚሉም አሉ። የጋይንትና የስማዳ ሽማግሌ ሁለተኛውን ነው የሚያምነው፤ ይህንን ከአእምሮው ለማውጣት መድከም ዋጋ የለውም። «እሱ እኛ ዘንድ ሞተ፤ እሷን ዛሬ አየኋት» አሉ አባባ። ሌላ አልጨመሩም። በዚያ ቀን በፕሮግራሙ የቀሩት አራት ቦታዎች ሳይታዩ ቀሩ፤ ማንም አልተቆጨም።

እንጦጦ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ። ተራራው 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ለከተማው ልጅ የሚያስተነፍስ ነው። ለነፋስ መውጫ ገበያ ለሚመላለስ እግር ግን የለመደው አየር ነው። ልጅቷ በየሃያ እርምጃው ትቆማለች፤ አያቷ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ይቀድማሉ። «አንቺ ልጅ፣ ደረትሽን ምን ነካው? በርበሬ ነው የምትበዪው ወይስ ጭስ?» ይሏታል። እንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። እማማ እዚያ ያገኟት አንዲት መነኩሲት የእስቴ መካነ ኢየሱስ ሰው ሆና ተገኘችና ሁለቱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዘመድ ቆጠሩ። ከሁለት ሰዓት ቆጠራ በኋላ ዝምድናው በአንዲት አማች በኩል ተገኘ።

አንድነት ፓርክን ሁለቱም ወደዱት፤ በተለይ የምኒልክን የግብር አዳራሽ። እማማ የአዳራሹን ስፋት አይተው የጠየቁት ጠጁን ማን እንደጠመቀ ነው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ የጃንሆይን የድንጋይ መቃብር ሲያዩ አባባ እጅ ነሱ፤ ወዲያው ደግሞ የሚያስከፍሉትን ግብር አንስተው አሟቸው። ሁለቱ ስሜቶች አብረው መኖራቸው አላስጨነቃቸውም። ቀላል ባቡር እማማን አስደሰታቸው፤ በ2008 መስከረም ሲጀምር ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ አሁንም ርካሽ ነው መባሉን ሲሰሙ «እንግዲያ እንደገና እንመለስበት» አሉና በመጣንበት ተመለስን።

እነዚህ ሁሉ ግን ከሎተሪ አዟሪዎቹ ጋር አይወዳደሩም።

የአዲስ አበባ ነዋሪ በየቀኑ ያያቸዋል፤ ትኬት በሰሌዳ ላይ ደርድረው፣ «ዛሬ የሚወጣ!» እያሉ በየካፌው በር፣ በየታክሲው መስኮት የሚያልፉ ወጣቶች። ከእነዚህ ብዙዎቹ የደቡብ ጎንደር ልጆች ናቸው፤ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ። ሎተሪ ማዞር ለእነዚያ ወረዳዎች ልጅ የከተማ መግቢያ በር ሆኖ ቆይቷል። መሬቱ ከአባት ለአምስት ልጅ ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው በሬ ማዞሪያ እንኳ አይሆንም፤ ያውም ቁልቁለት ነው፣ አፈሩ በየክረምቱ ይታጠባል። ስማዳ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ስለዚህ ልጁ ከመንደሩ ቀድሞ የመጣ ወንድም ወይም አጎት ይከተላል፤ ተሰብስበው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ከአከፋፋይ ትኬት ይረከባል፤ ከሸጠው ላይ ጥቂት ይቆረጥለታል። ክረምት ሲገባ ሊያርስ የሚመለስ አለ፤ ማታ የሚማር አለ፤ ሱቅ ከፍቶ የቀረም አለ። የእኒህ አያቶች ልጅ ራሱ የጀመረው ሎተሪ በማዞር ነው። ዛሬ ጀሞ ያለውን ቤት የሠራው ያ ሰሌዳ ነው።

አባባ ይህን ያውቃሉ፤ ዓይተውት ግን አያውቁም። ስለዚህ ፒያሳ ላይ የመጀመሪያውን አዟሪ ሲያዩ ቀጥ ብለው ሄዱና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ልጁ መጀመሪያ ትኬት ሊሸጥላቸው ነበር። ከዚያ አነጋገራቸውን ሰማ። ሰሌዳውን ወደ ብብቱ ወሰደና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የአጥቢያውን ስም ተናገረ። የታች ጋይንት ልጅ ነው። አባባ አያቱን ያውቋቸዋል፤ አርብ ገበያ ላይ በሬ ተሻሽጠዋል፤ እንዲያውም በሬው ወዲያው አንክሷል። «አያትህ በሬ አያውቅም ነበር፤ ግን ጨዋ ነው፤ ሲነክስ… ሲያነክስ መልሶ ተቀበለኝ» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ሞላ።

ከዚያ በኋላ ቆጠራ ሆነ። በመስቀል አደባባይ፣ በመርካቶ፣ በአራት ኪሎ፣ አዟሪ ባዩ ቁጥር ያቆሙታል። የወሎ ልጅ ከሆነ መርቀው ይለቁታል። የአገራቸው ከሆነ የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ መቼ ወጣህ፣ እናትህ ታውቃለች፣ የት ታድራለህ፣ ትጾማለህ፣ ትማራለህ? አንዱ፣ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው፣ «እናቴ አታውቅም» አላቸው። እማማ ተቆጡት፤ ወዲያው የልጅ ልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ወገዳ ያለ ዘመድ ዘንድ አስደወሉ። እናትየው እስኪጠሩ ድረስ ልጁን እጁን ይዘው አስቀመጡት። ስልኩ ሲመጣ ከወዲያ የተሰማው እልልታ ይሁን ለቅሶ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ስመላለስ ለአንድም አዟሪ ስሙን ጠይቄ አላውቅም። ትኬቱን እንኳ እጄን አወዛውዤ ነው የምመልሰው።

ወሬው ተዛመተ። በመጨረሻው እሑድ ጀሞ ያለው ቤት በልጆች ተሞላ። ከስማዳ፣ ከጋይንት፣ ሁለት ከእስቴ። እማማ ያመጡት ድርቆሽና በሶ ስምንት ቀን ይበቃል የተባለው አንድ ከሰዓት ላይ አለቀ። ሁሉም ለቤቱ የሚልከው ነገር ነበረው። ብሩን በስልክ መላክ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ያደርጉታል። ለእናት የተገዛ ነጠላ፣ ለአባት ጫማ፣ የራስ ፎቶ፣ ለታናሽ እህት ደብተርና ከጥሬ ገንዘቡ ትንሽ ግን በሰው እጅ ሲደርስ ይሻላል፤ ተቀባዩ አድራሹን «አይተኸዋል? ከስቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላላ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አደራውን ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። አባባ ፊደል አይለዩም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ታነብላቸው ጀመር። አሥራ አንደኛው ላይ አስቆሟት።

«የአርብ ገበያው ልጅ 500 ነው ያለው፤ 300 አይደለም።»

«አባባ፣ 300 ብሎ ነው የነገረኝ፣ ጽፌዋለሁ።»

«300 ለአያቱ ነው። 200 ደግሞ ለእናቱ፣ አያቱ ሳያይ። በጆሮዬ ነው የነገረኝ። ለብቻው ጻፊው።»